ራሱን የሚነዳው መጥረጊያ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ወረታ ላይ ወደ ደብረ ታቦር ይገነጠላል። በከተማዋ ዙሪያ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው የሚተኙበት፣ ሩዝ የሚያበቅል ጥቁር አፈር ነው። ለገበሬው የታደለ ይህ አፈር ለቤት ወለል ግን ፈተና ነው። ክረምት ላይ ከጫማ ጋር ተጣብቆ ይገባል፤ በጋ ላይ ደቅቆ በበርና በመስኮት ሥር ሾልኮ ያልፋል። የሜዳው ማሳና የመንገዱ ዳር ለነፋስ የተጋለጠ ነው።

ያንን አቧራ በየቀኑ የምትጠርገው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ በአጭር መጥረጊያ፣ ወገቧን አጉብጣ። መጥረጊያው የሚያነሣው አቧራ ሁሉ ደግሞ ከቤት አይወጣም። ከፊሉ አየር ላይ ይበተንና ቆይቶ ተመልሶ ይሰፍራል፤ አስም ያለበት ሰው ሲጠረግ ወደ ደጅ የሚወጣውም ለዚህ ነው።

አቧራን ከመበተን ይልቅ መምጠጥ ይሻላል የሚለው ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ ለንደን ውስጥ አቧራን በአየር ግፊት የሚያባርር ማሽን ሲሞከር ተመልክቶ፣ ነፋሱ ወደ ውስጥ ቢስብ ይሻላል ብሎ አሰበ። ሐሳቡንም ምግብ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ መሐረብ ዘርግቶ በአፉ በመሳብ ሞከረው፤ ጨርቁ ላይ የቀረው እድፍ በቂ ማስረጃ ሆነለት። እ.ኤ.አ. በ1901 የሠራው ማሽን በፈረስ የሚጎተት ነበር፤ ደጅ ይቆምና ረጅም ቱቦው በመስኮት ወደ ቤት ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 ደግሞ ኦሃዮ ውስጥ በጽዳት ሥራ ይተዳደር የነበረውና አስም የሚያስቸግረው ጄምስ መሬይ ስፓንግለር፣ ከማራገቢያ ሞተር፣ ከመጥረጊያ እጀታና ከትራስ ልብስ ያበጀውን ቫኪዩም በፈጠራ መብት አስመዘገበ። መብቱን የገዛው የሁቨር ቤተሰብ ማሽኑን ለዓለም አዳረሰው።

የሚገፋውን ሰው ማስቀረት ግን ሌላ ዘጠና ዓመት ያህል ፈጀ። የስዊድኑ ኤሌክትሮሉክስ ትሪሎባይት የተባለውን ሮቦት እ.ኤ.አ. በ2001 ለገበያ አቀረበ። በዓመቱ ኮሊን አንግል፣ ሄለን ግሬነርና ሮድኒ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1990 የመሠረቱት አይሮቦት ሩምባን አወጣ። ዋጋው 200 ዶላር ገደማ ስለነበር ማሽኑ ከሀብታም ቤት አልፎ ተራ ሰው ቤት ገባ።

ዛሬ በየገበያው የሚታየው ሮቦት ቫኪዩም አብዛኛውን ጊዜ ክብ ነው። ስፋቱ 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ከፍታው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ በመሆኑ ወለል ላይ ሲቀመጥ ድፎ ዳቦ ይመስላል። አሠራሩን ለመረዳት ገልብጦ ሆዱን ማየት ይበቃል። ከጎኑ ወጣ ያለው ትንሽ ብሩሽ እየተሽከረከረ በግድግዳ ጥግ ያለውን ቆሻሻ ወደ መሐል ያመጣል። መሐል ላይ ያለው ጥቅል ብሩሽ ቆሻሻውን ከወለሉ ይፈነቅላል። ከኋላ ያለው ሞተር አየሩን ሲስብ ቆሻሻው ወደ ማጠራቀሚያው ይገባል፤ አየሩ ደግሞ በፊልተር ተጣርቶ ይወጣል። ሻጮች ስለ መሳብ ኃይሉ በፓስካል የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር ያሳያሉ። ቁጥሩ ለወፍራም ምንጣፍ ይጠቅማል፤ በሴራሚክና በሊሾ ላይ ግን ብሩሹ ወለሉን በደንብ መንካቱና ማሽኑ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ማለፉ ይበልጣል።

መንገዱን የሚያገኘው በሴንሰር ነው። የፊት ፓራውልቱ ዕቃ ሲነካ ማሽኑ ይመለሳል። ከሆዱ በታች ያሉት ኢንፍራሬድ ሴንሰሮች ወደ ወለሉ ብርሃን ይልካሉ፤ ብርሃኑ ተንጸባርቆ ካልተመለሰ ማሽኑ ገደል አፋፍ ላይ እንዳለ ቆጥሮ ያፈገፍጋል፤ ከደረጃ የማይወድቀውም በዚህ ነው። ይኸው ጥበቃ ግን አንዳንዴ ያሳስተዋል። ጥቁር ምንጣፍ ብርሃኑን ስለሚውጠው ማሽኑ ምንጣፉን ጉድጓድ አድርጎ ያየዋል፤ ዳሩ ላይ ደርሶም አልረግጥም ብሎ ይመለሳል።

የመጀመሪያዎቹ ሩምባዎች ካርታ አልነበራቸውም። ክባቸውን እያሰፉ ይዞራሉ፣ ግድግዳ ይከተላሉ፣ ሲጋጩ አቅጣጫ ይለውጣሉ፤ አንዱን ጥግ አምስት ጊዜ ሊያልፉበት፣ ሌላውን ሊዘሉት ይችሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ኒያቶ የተባለው ኩባንያ አናቱ ላይ የሚዞር ሌዘር ያለው ሮቦት አመጣ። ሌዘሩ ግድግዳና የዕቃ እግር ምን ያህል እንደሚርቅ እየለካ ካርታ ይሠራል፤ ማሽኑ በዚያው ካርታ ላይ ራሱ የት እንዳለ ያውቃል፤ ስለዚህ በመስመር እየሄደ፣ ያልጠረገውን ለይቶ ይጨርሳል። በካሜራ የሚመራው ዓይነት ግን ብርሃን ይፈልጋል፤ ማታ መብራት አጥፍቶ የሚያሠራው ሰው ሌዘር ያለውን ቢመርጥ ይሻላል። ሌዘሩም ቢሆን መስተዋት ያሳስተዋል፤ ከሱ ዝቅ ብሎ የተጣለ ካልሲም አይታየውም።

ወደ ኢትዮጵያ ቤት ስንመለስ መጀመሪያ የሚታየው ወለሉ ነው። ሊሾ፣ ሴራሚክ፣ የፕላስቲክ ምንጣፍና አጭር ጠጉር ያለው ምንጣፍ ይስማሙታል። በእበት የተለቀለቀ የአፈር ወለል ግን የዚህ ማሽን ቦታ አይደለም፤ ብሩሹ ልቅልቁን እየፋቀ አፈር ያነሣል፤ አፈሩም ማጠራቀሚያውን ይሞላዋል። ብዙዎቹ ማሽኖች መሻገር የሚችሉት እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያለ የበር ደፍ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ተሸክሞ ወደ ሌላው ክፍል ማሻገር ግድ ይላል። ሶፋና አልጋ ሥር እንዲገባ ከተፈለገ ከመግዛት በፊት ክፍተቱን በሜትር መለካት ጥሩ ነው።

ቡና የሚፈላበት ቦታ ለብቻው ሊታሰብ ይገባል። የተበተነ ፈንዲሻን ማሽኑ በቀላሉ ያነሣዋል። የተጎዘጎዘ ቄጠማ ግን እንደ ገመድ ጥቅል ብሩሹ ላይ ይተበተባል፤ ስለዚህ ቄጠማው በእጅ ከተነሣ በኋላ ነው ማሽኑ የሚለቀቀው። ከሁሉ በላይ ከምድጃና ከዕጣን ማጨሻ የወደቀ ፍምና ረመጥ ፈጽሞ መምጠጥ የለበትም። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ደረቅ አቧራና ጸጉር ሊቀጣጠል ይችላል፤ አጠገቡ ያለው ደግሞ የሊቲየም ባትሪ ነው። ካርታ ያለው ሮቦት ካለ ቡና የሚፈላበትን ጥግ በስልክ ላይ እንዳይገባበት መከልከል ይቻላል።

በፎገራ ክረምት ከጫማ የተራገፈ ጭቃም ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እርጥብ ጭቃ ብሩሹን ይለስናል፤ ፊልተሩን ይደፍናል። ደርቆ እስኪፈረፈር መጠበቅ፣ ትልልቁን ጓል በእጅ ማንሣት፣ ከዚያ ማሽኑን መልቀቅ ይቀላል። የሩዝ ገለባና ገለፈት ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይመጠጣል፤ ግን ማጠራቀሚያው ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሊትር አይበልጥምና ቶሎ ይሞላል። ሲሞላ መሳቡ ይዳከማል፤ ድምፁ ግን አይቀንስም፤ ስለዚህ ባለቤቱ እየሠራ ነው ብሎ ይታለላል።

ውጤቱን የሚያሳድገው የሥራ ልማድ ቀላል ነው። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ይሰቀላሉ፤ የቻርጀር ገመድ፣ የነጠላ ዘርፍና የልጆች መጫወቻ ይነሣሉ። ማሽኑ በሳምንት አንዴ ረጅም ሰዓት ከሚሠራ በየቀኑ ለአጭር ጊዜ ቢሠራ ይመረጣል፤ አቧራው ሳይከማች፣ ወደ ምንጣፍ ሥር ሳይሰርግ ይነሣልና። ወለሉ የሚወለወለው ደግሞ አቧራው ከተነሣ በኋላ ነው፤ አለበለዚያ ውኃው አቧራውን ጭቃ ያደርገዋል። የክፍል ጥግ፣ ደረጃና የምንጣፍ ሥር አሁንም የሰው እጅ ይፈልጋሉ፤ የሚቀለው የየዕለቱ ጎንበስ ማለት ነው።

ማሽኑም ራሱ መጽዳት አለበት። ጥቅል ብሩሹን አውጥቶ ጫፍና ጫፉን ማየት ብዙ ነገር ይናገራል፦ ረጅም ጸጉርና ክር ተጠምጥሞ ብሩሹ የሚዞርበትን ቦታ አንቆ ይገኛል። ሲከማች ሞተሩ ይለፋል፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። በመቀስ ቆርጦ ማውጣት ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ አቧራ በሚበዛበት ቤት በየሳምንቱ ሊደረግ ይገባል። ፊልተሩ ደጅ ወጥቶ ይራገፋል። ይታጠባል ተብሎ ከተጻፈበት ብቻ ይታጠባል፤ ከታጠበም አንድ ቀን ሙሉ ይደርቃል። ከሆዱ በታች ያሉት ሴንሰሮች በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይወለወላሉ፤ በደቃቅ አቧራ የተሸፈነ ሴንሰር ሜዳውን ሁሉ ገደል ያስመስለዋል።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ማሽኑ በባትሪው መጥረጉን ይቀጥላል። ሲጨርስ ግን ወደ ቻርጅ መቀመጫው የሚመራው ምልክት ከመቀመጫው የሚወጣ ኢንፍራሬድ ስለሆነና መቀመጫው ኃይል ስለሌለው ቦታውን ማግኘት ይቸገራል፤ በእጅ መመለስ ያስፈልጋል። ማሽኑን ዘመድ ከአሜሪካ ከላከው ደግሞ ሶኬት ላይ ከመሰካት በፊት ቻርጀሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ግዴታ ነው። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ለኢትዮጵያ 220 ቮልት ችግር የለውም። ቆሻሻውን ከሮቦቱ ራሱ የሚመጥጠው ትልቅ መቀመጫ ግን አሜሪካ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው፤ ያለ ተገቢ ትራንስፎርመር ቢሰካ ይቃጠላል።

ገዢ ስለ ኩባንያዎቹም ሊያስብ ይገባል። ሌዘሩን ያመጣው ኒያቶ እ.ኤ.አ. በ2023 ተዘግቷል፤ አይሮቦትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል። ኩባንያ ሲዘጋ በኢንተርኔት የሚሰጠው አገልግሎት ሊቋረጥ ስለሚችል፣ ያለ ኢንተርኔት፣ አናቱ ላይ ባለው ቁልፍ ብቻ ሥራ የሚጀምር ማሽን መምረጥ ያዋጣል። ዋይፋይ የሚጠቀሙትም አብዛኞቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ስለሚገናኙ የቤቱ ራውተር ይህን መልቀቁ ይጣራል። መለዋወጫ በቅርብ በማይገኝበት እንደ ወረታ ባለ ከተማ ደግሞ የጎን ብሩሾች፣ ፊልተሮችና አንድ ትርፍ ጥቅል ብሩሽ ከማሽኑ ጋር አብረው ቢታዘዙ፣ የባትሪውም የሞዴል ቁጥር ተጽፎ ቢቀመጥ ማሽኑ ለዓመታት ያገለግላል።