ጎተራው ሞልቶ ልጅ ለምን ይቀነጭራል?

አራርቆ መውለድ ለእናትም ለልጅም ምግብ ነው



ቢቸናና ሞጣ የእህል አገር ናቸው። በገበያ ቀን ጤፉ፣ ስንዴውና ባቄላው ከየገጠሩ ወደ ከተማ ይጎርፋል፤ ከዚያም በመኪና ተጭኖ ወደ ሩቅ ከተሞች ይሄዳል። ይህን ያየ ሰው «በዚህ አገር ልጅ በምግብ ጉድለት ሊጎዳ አይችልም» ቢል አይፈረድበትም። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ሌላ ነው።

ትርፍ አምራች በሆነው በጎረቤታችን በምዕራብ ጎጃም የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 43 በመቶ ያህሉ ቀንጭረው እንደተገኙ ያስረዳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ደግሞ የቀነጨሩ ሕፃናት በአገር አቀፍ ደረጃ 38 በመቶ ሲሆኑ፣ በአማራ ክልል 46 በመቶ ነበሩ። በዚያ ዳሰሳ ይህ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ነበር። በ2000 የአገሪቱ አኃዝ 58 በመቶ ስለነበረ መሻሻል መኖሩ አይካድም። ሆኖም እህል በተረፈበት አካባቢ ይህን ያህል ልጅ መጎዳቱ ሊያሳስበን ይገባል።

ለመሆኑ የጎደለው ምንድን ነው? መልሱ ባጭሩ ሁለት ነው፤ አንደኛው የምግብ ዓይነት፣ ሁለተኛው በአንድ ወሊድና በሚቀጥለው እርግዝና መካከል ያለው ጊዜ ነው። ሁለቱም በባልና ሚስት ውሳኔ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

መቀንጨር ምን ማለት ነው?

መቀንጨር ማለት ልጅ ለዕድሜው ሊኖረው ከሚገባው ቁመት እጅግ ማነስ ነው። ከመክሳት ይለያል። የከሳ ልጅ ዓይን ይስባል፤ የቀነጨረ ልጅ ግን ፊቱ ሞላ ብሎ፣ እየሳቀና እየተጫወተ ሊታይ ይችላል። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ አጫጭር ከሆኑ ደግሞ ማንም አያስተውለውም።

«ዘራችን አጭር ነው» የሚሉ አሉ። ይህ አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በሚገባ የተመገቡ ሕፃናትን አስለክቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የዕድገት መለኪያ አውጥቷል። በአምስቱም የዕድሜ ዓመታት የሕፃናቱ አስተዳደግ ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ መለኪያ መሠረት ልጅ ሲወለድ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ በአንድ ዓመቱ 75 ገደማ፣ በሁለት ዓመቱ ደግሞ ከ86 እስከ 88 ገደማ ይሆናል። የእኛም ልጅ ቢመገብ እንዲሁ ያድጋል።

ጉዳቱ በአብዛኛው የሚደርሰው ከእርግዝና ጀምሮ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ባሉት 1,000 ቀናት ውስጥ ነው። አንጎልም በፍጥነት የሚያድገው በዚሁ ጊዜ ነው። በጓቲማላ አራት መንደሮች ከ1969 እስከ 1977 በተካሄደ ጥናት፣ የሁለቱ መንደሮች ሕፃናት ገንቢ የሆነ ቀጭን የገንፎ መጠጥ፣ የሌሎቹ ደግሞ ጣፋጭ መጠጥ ብቻ ይሰጣቸው ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲጠና፣ ገንቢውን መጠጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያገኙት ወንዶች የሰዓት ገቢያቸው ከሌሎቹ በ46 በመቶ ያህል በልጦ ተገኝቷል። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። የዕድሉ ትልቁ ክፍል ግን በእነዚህ 1,000 ቀናት በእናትና በአባት እጅ ያለ ነው።

ከጡት የተነጠለው ልጅ

የሕፃናት ሐኪሟ ሲስሊ ዊሊያምስ ዛሬ ጋና በምትባለው አገር ስትሠራ፣ እጅና እግራቸው ያበጠ፣ ፀጉራቸው የገረጣ ሕፃናት አጋጠሟት። ሕመሙን በ1933 በጽሑፍ አስታወቀች፤ በ1935 ደግሞ የአካባቢው ሰዎች በጋ ቋንቋ የሚጠሩበትን «ክዋሺዮርኮር» የተባለውን ስም ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቀች። ትርጉሙ «ታናሹ ሲወለድ ታላቁን የሚይዘው በሽታ» እንደማለት ነው። እነዚያ እናቶች ላቦራቶሪ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን የበሽታውን መንገድ በሚገባ ለይተውት ነበር።

መንገዱ በእኛም ቤት ያው ነው። ልጁ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው እናቱ ታረግዛለች። «የእርጉዝ ወተት ልጅ ያሳምማል» ተብሎ በድንገት ጡት ይጥላል። በወተቱ ፋንታ ቀጭን አጥሚት ወይም በወጥ የራሰ እንጀራ ይሰጠዋል። ሆዱ ይሞላል፤ ዕድገቱ ግን ይቆማል። የእርጉዝ እናት ወተት መርዝ እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ እናቶች እየተመገቡ ማጥባታቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ። ይሁንና ወተቱ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ከሁሉ የሚሻለው ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ሌላ እርግዝና አለመምጣቱ ነው።

በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 የጠራው የባለሙያዎች ስብሰባ፣ ከወሊድ በኋላ ሌላ እርግዝና ከመሞከር በፊት ቢያንስ 24 ወራት እንዲቆይ ሐሳብ አቅርቧል። እርግዝናው ሲጨመር በሁለት ልጆች መካከል ሦስት ዓመት ያህል ልዩነት ይኖራል ማለት ነው።

የእናትም ጎተራ ይጎድላል

አንድ እርግዝና በጠቅላላው አንድ ግራም የሚሆን የብረት ማዕድን ይጠይቃል። እናት በላይ በላዩ ስታረግዝ የጎደለው ሳይተካ ሌላ ወጪ ይመጣባታል። ደም ማነስ ይከተላል፤ ትደክማለች፤ በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈሳት አደጋው ይከብዳል፤ ሕፃኑም ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። በ2016ቱ ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች መካከል 24 በመቶ ደም ማነስ ነበረባቸው።

ስለሆነም ነፍሰ ጡር እናት ከወትሮው አንድ ጊዜ፣ የምታጠባ እናት ደግሞ ሁለት ጊዜ ጨምራ በቀን መመገብ ይኖርባታል። በጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ሳታቋርጥ ትውሰድ። ሆድ ቢያውካት ከምግብ ጋር ወይም ማታ መውሰድ ይረዳታል።

ቡናን በተመለከተ አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። ጤፍ ብረት አለው፤ ዳሩ ግን በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ብረቱን ይዞ ያስቀረዋል። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ቡናና ሻይ ግን ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እናት ቡናዋን ከምግቧና ከክኒኗ ቢያንስ አንድ ሰዓት ታራርቀው፤ መጠኑንም ትቀንሰው። ጨው ሲገዛም አዮዲን ያለበት ይሁን። በክዳን ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲልም ይጨመር። የአዮዲን ጉድለት በእናት ላይ እንቅርት፣ በፅንሱ አንጎል ላይ ደግሞ ጉዳት ያስከትላል።

ጾምን በሚመለከት፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከንስሐ አባቷ ጋር በግልጽ ትነጋገር፤ ለእንደነዚህ ያሉ እናቶች ሥርዓቱ እንዲቀልላቸው የሚመክሩ አባቶች ብዙ ናቸው። በእስልምናም ለራሷ ወይም ለልጇ ጤና የምትሰጋ እናት የረመዳንን ጾም ወደ ሌላ ጊዜ እንድታስተላልፍ ተፈቅዶላታል።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት

ሕፃን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ሊሰጠው ይገባል። ቢጫ ሆኖ የሚወጣው እንገር ልጁን ከበሽታ ስለሚከላከል ታልቦ መጣል የለበትም። ከላይ የጠቀስነው የምዕራብ ጎጃም ጥናትም እንገር መከልከልንና ከጡት በፊት ሌላ ነገር ማቅመስን ከመቀንጨር ጋር ተያይዘው አግኝቷቸዋል።

በዚሁ በሞጣ ከተማ በ2015 በተካሄደ ጥናት፣ ከስድስት ወር በታች ላሉ ልጆቻቸው ጡት ብቻ ይሰጡ የነበሩት እናቶች ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀረው ግማሽ ሌላ ነገር ይጨምር ነበር። ቅቤ ማላስ፣ ውሃ ወይም የአብሽ ውሃ መስጠት በየቤቱ የታወቀ ነው። ይህን የሚያደርጉት አያቶች በፍቅር ነው፤ ነገር ግን ትንሿ የሕፃን ሆድ በውሃ ስትሞላ ወተቱ ይቀራል፤ ተቅማጥም ሊገባ ይችላል። እናት ወደ ሥራ የምትሄድ ከሆነ ወተቷን በንጹሕ ዕቃ አልባ በመተው ሕፃኑ በሲኒ ወይም በማንኪያ እንዲጠጣ ማድረግ ይቻላል።

ጡት ብቻ ማጥባት ሌላም ጥቅም አለው። ሦስት ነገሮች ከተሟሉ፣ ማለትም የወር አበባ ካልተመለሰ፣ ሕፃኑ ስድስት ወር ካልሞላው፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ከጠባ፣ እርግዝናን ከ98 በመቶ በላይ ይከላከላል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ግን መከላከያነቱ አይታመንም፤ ወዲያውኑ ሌላ ዘዴ መጀመር ያስፈልጋል።

ከስድስት ወር በኋላ

በ2016ቱ ዳሰሳ፣ ከስድስት እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት በዓይነትም በድግግሞሽም የሚበቃ ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ጉድለት የድሃ ቤት ብቻ አይደለም።

የኢትዮጵያ የጤናና የሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩትና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በአርሲ ዶዶታና ሲሬ ያካሄዱት ጥናት በ2000 ታትሟል። ከቀነጨሩ ጡት ጠቢ ሕፃናት ለአንዱ ወገን ዚንክ የተባለው ማዕድን ሲሰጥ፣ ለሌላው ማዕድኑ የሌለበት ተመሳሳይ ነገር ተሰጠው። በስድስት ወር ውስጥ ዚንክ ያገኙት በአማካይ 7 ሳንቲ ሜትር ሲያድጉ፣ ያላገኙት 2.8 ብቻ አደጉ። ይህ ማለት ዚንክ ከሱቅ ገዝታችሁ ስጡ ማለት አይደለም፤ ያለ ባለሙያ ትዕዛዝ መስጠት አይገባም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ እህል ብቻውን ልጅ አያሳድግም።

ስለዚህ የልጁ ገንፎ ከማንኪያ የማይንጠባጠብ፣ ወፈር ያለ ይሁን። በጤፉ ወይም በስንዴው ዱቄት ላይ የተቆላ ባቄላ፣ አተር ወይም ሽምብራ ይፈጭበት። በየተራም እንቁላል፣ ወተት፣ የተፈጨ ሥጋ፣ የተቀቀለና የላመ ጎመን፣ ዱባ ወይም ካሮት ይጨመርበት። ከስድስት እስከ ስምንት ወር በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ጊዜ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ ከሦስት እስከ አራት ጊዜ ይብላ፤ ጡቱም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል። በጾም ወራት «ድስቱ ይነካካል» ተብሎ ሕፃን እንቁላልና ወተት ሲከለከል እናያለን። ለልጁ አንዲት የራሱ ድስትና ማንኪያ መግዛት ችግሩን ይፈታዋል።

ሴት ልጃችሁም እናት ትሆናለች

ራሷ አድጋ ያልጨረሰች ልጅ ስታረግዝ፣ እሷና ፅንሱ በአንድ ምግብ ይሻማሉ። በሕጉ መሠረት የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። በይልማና ዴንሳ ወረዳ ሞሰቦ በ2004 የተጀመረው «ብርሃነ ሔዋን» ፕሮግራም ልጃገረዶች በትምህርት እንዲቆዩ ይደግፍ ነበር፤ ሳይዳሩ ለቆዩትም ፍየል ይሰጥ ነበር። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ ያለዕድሜ ጋብቻ በእጅጉ ቀንሶ ታይቷል። በቤታችሁ ያለችው ልጅም ሆነች ሠራተኛችሁ ከወንዶቹ እኩል ትመገብ፤ ትማር።

ባልና ሚስት ምን ይወስኑ?

ስለሚቀጥለው ልጅ የምትነጋገሩት እርግዝናው ከመጣ በኋላ አይሁን፤ ያለው ልጅ ከመወለዱ በፊት ይሁን። ለምታጠባ እናት የሚስማሙ ዘዴዎች አሉ። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያና ሉፕ ከወሊድ በኋላ ሳይዘገዩ ሊሰጡ ይችላሉ፤ መርፌው ከስድስት ሳምንት በኋላ ይጀመራል። ኤስትሮጅን ያለበት ክኒን ግን ለምታጠባ እናት እስከ ስድስት ወር አይመከርም። ኮንዶም በማንኛውም ጊዜ ይሆናል። የትኛው እንደሚሻላችሁ ባለሙያው ጤናችሁን ጠይቆ ይነግራችኋል።

አባት ሆይ፣ ይህ የሴቶች ጉዳይ ብቻ ነው አትበል። ለእንቁላሉ ገንዘብ የምታወጣው፣ የክኒኑን ሰዓት የምታስታውሰው፣ ከእናትህ ጋር ስለ ቅቤው በትሕትና የምትነጋገረው አንተ ነህ።

ዛሬ ወደ ክሊኒኩ ልጅ ይዛችሁ መጥታችሁ ከሆነ፣ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ቁመቱም እንዲለካ ጠይቁ። ለዕድሜው የሚበቃ መሆኑንም ሳትጠይቁ አትሂዱ።