ከመልካ ወረር እስከ ሰመራ በብስክሌት፤ ለጀማሪ የሚበጅ ዝግጅት

በ1949 ዓ.ም. ብስክሌተኛው ገረመው ደንቦባ በሜልቦርን ኦሎምፒክ የተወዳደሩበት 187 ኪሎ ሜትር ያህል ጎዳና በአንድ ቀን የሚፈጸም ሲሆን፣ ከመልካ ወረር በገዋኔና በሚሌ አድርጎ እስከ ሰመራ በቀናት ተከፋፍሎ የሚደረገው ጉዞ ግን የሚፈትነው ፍጥነትን ሳይሆን፣ በማግሥቱ በደከመ ሥጋ ዳግመኛ ኮርቻ ላይ የመቀመጥን ትዕግሥት ነው።

ስለዚህ ለሠልጣኞቼ የምመክረው፣ ቅዳሜና እሑድን አከታትለው፣ እያወጉ ለመሄድ በሚያስችል ልከኛ ፍጥነት እንዲነዱ፣ ርቀቱንም በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት እንዲጨምሩ ነው።

የደጋ ሰው ሥጋ መንገዱ የሚያልፍበትን የአዋሽ ሸለቆ ሐሩር ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀናት ስለሚሻ፣ አስቀድሞ ወርዶ፣ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ማረፍ ይገባል። ላብ ደርቆ በሸሚዝ ላይ ነጭ የጨው መስመር ሲያወጣም፣ ከውኃው ጋር ጨው፣ በየሰዓቱም ሙዝ፣ ቴምር ወይም በሶ ሳይርብ መቅመስ ግድ ነው።