ስለ ሴቶች ሆድ መነፋትና ተመልሶ ስለሚመጣው ካንሰር

በአራዳና በፒያሳ ካሉት መድኃኒት ቤቶች ወደ አንዱ ገብታ «ሆዴን ይነፋኛል፤ ጥቂት ስቀምስ እጠግባለሁ» የምትል እመቤት ብዙ ጊዜ የምትሰማው መልስ «ጨጓራ ነው» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን ይኸው ምልክት፣ ይልቁንም ከእንብርት በታች ሕመምና የሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት ሲጨመርበት፣ ሐኪሞች ኦቫሪ በሚሉት፣ የሴት እንቁላል በሚያድግበት አካል የተነሣ ካንሰር ሊሆን ይችላል።

ይህን ደዌ የሚያስፈራው ተመልሶ መምጣቱ ነው። ሐኪሙ እጢውን ቈርጦ ካወጣና ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል የተባሉትን መድኃኒቶች ከሰጠ በኋላ ሴቲቱ ይሻላታል፤ ቤተ ሰቡም ደስ ይለዋል። ሆኖም ደዌው በሆድ ውስጥ ከተሠራጨ በኋላ ከተገኘባቸው ሴቶች አብዛኞቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደ ገና ይታመማሉ። ሊቃውንት እንደሚሉት ከካንሰሩ ሕዋሳት መካከል ቍጥራቸው ያነሰ፣ ግንደ ሕዋስ የተባሉ አሉ። መድኃኒቱ ፈጥኖ የሚባዛውን ሲገድል እነዚህ ዝግ ብለው ስለሚኖሩ ያመልጡታል፤ ላዩን የታጨደ ሰርዶ ከሥሩ እንዲያቈጠቍጥ እነርሱም እጢውን መልሰው ያበቅላሉ።

እነዚህን የሚገታ ልጓም በራሱ በሕዋሱ ውስጥ አለ፤ ስሙም ማይክሮ አር ኤን ኤ ነው። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ረቭከን የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1986 ዓ.ም. ሥራውን በአንዲት ደቃቅ ትል ላይ ገልጠው ጻፉ፤ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት እንደ ተሰጣቸው ተነገረ። ርዝመቱ 22 ፊደል ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከሕዋሱ መዝገብ ትእዛዝ ይዞ የወጣውን መልእክት እንደ አጋፋሪ ከደጅ ይመልሰዋል። ሚር 200 የተባለው ወገን ሕዋሱ ከጎረቤቱ ጋር ተያይዞ እንዲኖር ይጠብቃል፤ ባነሰ ጊዜ ሕዋሱ ተላቆ ይዞራል፣ የግንደ ሕዋስንም ጠባይ ይይዛል። ነገሩ ድንቅ ነው፤ ዳሩ ግን ከዚህ እውቀት ለኦቫሪ ካንሰር የተፈቀደ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልወጣም።

አስቀድሞ መመርመርም እንደ ታሰበው አልሆነም። በእንግሊዝ አገር ከ200,000 በላይ ሴቶች የገቡበት ጥናት በ2013 ዓ.ም. እንዳስታወቀው ጤነኛ ሴቶችን በየዓመቱ በደምና በአልትራሳውንድ መመርመር ሞትን አልቀነሰም። ስለዚህ የቀረው ምልክቱን አለመናቅ ነው። የሆዷ መነፋት አዲስ የሆነባት፣ በወርም ከ12 ቀን በላይ የሚመላለስባት ሴት፣ ይልቁንም ዕድሜዋ 50 ከሞላ ወይም እናቷ ወይም እኅቷ በጡት ወይም በኦቫሪ ካንሰር ታማ እንደ ሆነ፣ የጨጓራ መድኃኒት ደጋግማ ከመግዛቷ በፊት ሐኪሙን አልትራሳውንድ ትጠይቀው። ሕመሟን ከእንግዳ ደብቃ የምታስተናግድ እመቤት በየቤታችን አለችና ባሏ ቢጠይቅላት የተሻለ ነው። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቍልቍል ሲወረድ በሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሴቶችን ካንሰር ለይተው የሚያክሙ ሐኪሞች አሉ።