ቆሞ የሚያድር መኪና ባትሪ ለምን ይጨርሳል?

ማታ በደህና የቆመ መኪና ጠዋት ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ ጠቅ» ብቻ ካለ፣ ብዙ ሰው በቀጥታ ባትሪ ሊገዛ ይሄዳል። አዲሱ ባትሪ ጥቂት ሳምንት ያገለግልና ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። የፊተኛው ተበልቶ እንጂ ተበላሽቶ አልነበረምና። ሳይለኩ ባትሪ መቀየር በጣም የሚያሳዝን የገንዘብ ብክነት ነው፤ ልኬቱ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነገር ስለሆነ።

ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ ያረጀ ባትሪ፣ በደንብ የማይሞላ ዲናሞ፣ እና መኪናው ጠፍቶ ሳለ ኤሌክትሪክ የሚስብ መስመር። ከአንድ ቁልፍና ከቻርጀር በቀር መሣሪያ የማይጠይቅ መለያ ዘዴ አለ። ባትሪው በቻርጀር በደንብ ከተሞላ በኋላ፣ ማታ የኔጌቲቩን ገመድ ፈትተው ከባትሪው ያርቁት። አብዛኞቹ የጃፓን መኪኖች ላይ 10 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል። ጠዋት መልሰው አስረው ያስነሱ። ወዲያው ከተነሣ ባትሪው ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ መኪናው ላይ ነው፦ ወይ ሌሊቱን የሚበላ መስመር አለ፣ ወይ ዲናሞው በደንብ አይሞላም። ገመዱ ተፈትቶ አድሮም ካልተነሣ ግን ባትሪው ራሱ መያዝ አቅቶታል። ገመዱ ሲፈታ ሰዓቱና የራዲዮ ጣቢያዎቹ ይጠፋሉ፤ አንዳንድ መኪና ላይ ራዲዮው የይለፍ ቁጥር ስለሚጠይቅ ቁጥሩን አስቀድመው ይያዙ።

ቴስተር ካለ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። መኪናው ከጠፋ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ከወረደ ሞተሪኖውን በደንብ የሚያዞር ጉልበት አይተርፈውም። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሠራ ደግሞ በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት። ሞተሩ እየሠራም 12 ላይ ከቀረ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ይፈተሽ። በባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከተጋገረ ደግሞ ገመዶቹን ፈትቶ በሙቅ ውሃ ማጠብና አጥብቆ ማሰር ይቅደም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የቆመ መኪና ሁሉ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይወስዳል፤ ሰዓቱ፣ አላርሙና የመኪናው ኮምፒውተር አይተኙም። ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፒር ድረስ የሚያሳስብ አይደለም። 50 ሚሊአምፒር በቀን 1.2 አምፒር ሰዓት ነው፤ 45 አምፒር ሰዓት የሚይዝ የትንሽ መኪና ባትሪ ይህን ለሁለት ሳምንት ይችለዋል። ነገር ግን 5 ዋት የሆነች አንዲት አምፖል ሳትጠፋ ብትቀር በቀን 10 አምፒር ሰዓት ትበላለች። በሁለተኛው ቀን መጨረሻ የባትሪው ግማሽ ሊያልቅ ምንም አይቀረውም።

የሚበላውን ለማወቅ ቴስተሩን 10 አምፒር ላይ አድርገው፣ በተፈታው የኔጌቲቭ ገመድና በባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ መካከል ያስገቡት። በዚህ ጊዜ ሞተር ማስነሣት ፈጽሞ አይቻልም፤ የቴስተሩ ፊውዝ ወዲያው ይቃጠላል። በሮቹ ይዘጉ፣ ቁልፉም ይውጣ። ቁጥሩ መጀመሪያ ከፍ ብሎ ቢታይ አይደንግጡ፤ የመኪናው ኮምፒውተሮች እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ። ከዚያ በኋላም ለምሳሌ 0.40 አምፒር ላይ ከቆመ ሌባው አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀልና ቁጥሩን ማየት ነው። አንዱ ሲነቀል 0.40 የነበረው ወደ 0.03 ዝቅ ካለ ጥፋቱ ያ ፊውዝ በሚመግበው መስመር ላይ ነው፤ የትኛው መስመር እንደሆነ በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ይገኛል። የተነቀለው ሁሉ በቦታው፣ በዚያው አምፒር ይመለስ። በፊውዝ ምትክ የሽቦ ክር ማሰር መኪናን እሳት ላይ መጣል ነው።

ሁሉም ፊውዝ ተነቅሎ ቁጥሩ ካልወረደ ግን ሁለት ነገር ይጠርጠሩ። አንደኛው ዲናሞው ነው፤ ከባትሪው ጋር በወፍራም ገመድ የተገናኘ ስለሆነ ውስጡ ያለው ዳዮድ ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ ይፈስሳል። መኪናው ለሰዓታት ቆሞ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ዲናሞው ብቻ ሲዳሰስ ለብ ካለ ትልቅ ምልክት ነው። ሁለተኛው ከፋብሪካ በኋላ የተገጠመ ዕቃ ነው፦ አላርም፣ ቴፕ፣ ካሜራ፣ ጂፒኤስ። እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። ቁልፍ ሲወጣ ከሚጠፋው መስመር መሳብ የነበረበት ቴፕ፣ ለማሳጠር ሲባል ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ካለበት ገመድ ላይ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ ሆኖ ይገኛል። መፍትሔው ዕቃውን መጣል ሳይሆን መስመሩን ማስቀየር ነው፤ ጥሩ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ቶሎ ይጨርሰዋል። የኋላ ዕቃ መጫኛው መብራት ክዳኑ ሲዘጋ መጥፋቱን ለማወቅ ደግሞ ስልክዎን ቪዲዮ እየቀረጸ ውስጡ አስቀምጠው ይዝጉት።

ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የያዙ ሰዎችም ይህ አይመለከተኝም እንዳይሉ። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከትልቁ ባትሪ ሌላ ባለ 12 ቮልት ባትሪም አላቸው፤ እሱ ካለቀ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነቃም። ገፍቶ ማስነሣትም አይቻልም፤ አውቶማቲክ ማርሽ ያለው የቤንዚን መኪናም እንዲሁ።

ከሌላ መኪና ባትሪ ተውሰው ሲያስነሱ መጀመሪያ ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ ያገናኙ። የመጨረሻውን የኔጌቲቭ ጫፍ ባለቀው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ባለ የሞተሩ ብረት ላይ ይቆንጥጡት፤ ባትሪ የሚያወጣው ጋዝ በብልጭታ ይፈነዳል። ለወራት የሚቆም መኪና ካለዎት የኔጌቲቩን ገመድ ፈትተው ይተዉት። ባዶውን ለሳምንታት የቆየ ባትሪ በሳህኖቹ ላይ የሰልፌት ቅርፊት ስለሚጋገርበት፣ በኋላ ቻርጅ ቢደረግም የቀድሞ አቅሙን አይመልስም። ስለዚህ ዛሬ ያለቀውን ባትሪ ዛሬውኑ ቻርጅ ያስደርጉት።