ክፍሎች በጋራ ስለሚገለገሉበት የሥዕል ዕቃ ሣጥን

እንደሚታወቀው፥ ለእያንዳንዱ ተማሪ ብሩሽና መቀስ መግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከባድ ወጪ ነው። መፍትሔውም ዕቃውን በአንድ ሣጥን አድርጎ ከክፍል ወደ ክፍል ማዘዋወር ነው። ለምሳሌ፥ እያንዳንዳቸው 40 ተማሪ ያሏቸው 4 ክፍሎች ሥዕልን በየተራ ቢማሩ፥ በ160 ብሩሽ ፈንታ 40 ይበቃቸዋል።

ይህ የነጋዴውን ገበያ የሚያጠብ ይመስላል፤ ነገር ግን ብሩሽና መቀስ ቢቆዩም፥ ቀለም፥ ወረቀትና ሙጫ ያልቃሉ። ስለዚህ ባለሱቁ ከሣጥኑ ጋራ መተኪያውን በተናጠል ሊያቀርብ ይገባል። ቀይ፥ ቢጫና ሰማያዊ ተደባልቀው ብዙ ዓይነት ቀለም ስለሚሰጡ፥ እነዚህን አብዝቶ ማዘዝ ይበጃል።

ከሁሉ በላይ ግን በአንዳንድ ቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ የተባለው ማዕድን የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳልና፥ አስመጪው ከማዘዙ በፊት ዕቃው የአውሮፓን የመጫወቻ ደኅንነት ደንብ ኢ.ኤን. 71 ማሟላቱን የሚገልጽ የምርመራ ማስረጃ ከፋብሪካው መጠየቅ አለበት።