መርፌው ረሃብን ያስታግሳል፤ የቀረውን ማን ይሠራል?

የክብደት መቀነሻ መርፌ ወሬ ከሐኪም ቤት አልፎ ቡና ላይ ደርሷል። አብሮት የሚነሣው ጥያቄ፦ «መርፌውን ከተወጋሁ ምግብ መምረጡና መንቀሳቀሱ ለምን ያስፈልገኛል?» የሚል ነው። መልሱን ለማግኘት እያንዳንዳቸው በሰውነት ውስጥ የሚሠሩትን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

መርፌው ምን ይሠራል?

ስንበላ አንጀታችን ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ይህ ሆርሞን ለአንጎል መጥገባችንን ይነግራል፤ ምግብም ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ያዘገያል። ነገር ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። ለስኳር ሕመም ኦዜምፒክ፣ ለውፍረት ዌጎቪ ተብሎ የሚሸጠው ሴማግሉታይድ ይህንኑ ሆርሞን አስመስሎ የተሠራ ነው። ቶሎ ስለማይፈርስ በሳምንት አንዴ መወጋት ይበቃል። ማቅለሽለሽ እንዳይበረታም ከ0.25 ሚሊግራም ተጀምሮ በየወሩ ገደማ ከፍ ይደረጋል።

ያለ መድኃኒት ክብደት መቀነስ ለምን ይከብዳል?

ኪሎ ሲቀንስ ሰውነት ይከላከላል፦ የረሃብ ሆርሞን ይጨምራል፣ የጥጋብ ሆርሞኖች ይቀንሳሉ፣ የሚቃጠለው ጉልበትም ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት እነዚህ የሆርሞን ለውጦች ከዓመት በኋላም እንዳልጠፉ አሳይቷል። ስለዚህ መልሶ የወፈረን ሰው «ሆዱን መግዛት አቃተው» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

መድኃኒትና የአኗኗር ለውጥ ሲጣመሩስ?

እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ 224 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት የእያንዳንዳቸውን ድርሻ ለይቶ መዘነ። ከዓመት በኋላ ሲቡትራሚን የተባለውን መድኃኒት ብቻ የወሰዱት በአማካይ 5 ኪሎ፣ የአኗኗር ለውጥ ብቻ ያደረጉት 6.7 ኪሎ፣ ሁለቱን ያጣመሩት 12.1 ኪሎ ቀነሱ። ሲቡትራሚን የድንገተኛ የልብ ሕመምና የስትሮክ አደጋ ስለሚጨምር እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል፤ የጥናቱ ትምህርት ግን አልወጣም።

በሴማግሉታይድ የተገኘው ውጤት ከዚህ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ጥናት መድኃኒቱን የወሰዱት በ68 ሳምንት ክብደታቸውን በአማካይ 14.9 በመቶ ቀነሱ፤ ባዶ መርፌ የተወጉት 2.4 በመቶ ብቻ። ልብ በሉ፤ የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ምክር ለሁለቱም ወገኖች ተሰጥቷል። ያ 14.9 የመርፌው የብቻ ውጤት አይደለም።

የሚቀንሰው ስብ ብቻ ነው?

አይደለም፤ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። መርፌው ምን ያህል እንደምንበላ እንጂ ምን እንደምንበላ አይመርጥም። ሳህኑ ሲያንስ መጀመሪያ ቦታ ማግኘት ያለበት ፕሮቲን ነው፦ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ በፍስክ እንቁላልና ሥጋ። ዘይት የበዛበት ወጥ ማቅለሽለሹን ያባብሳል፤ ውኃና አትክልት ሲጎድል ደግሞ የሆድ ድርቀት ይመጣል። ጡንቻን የሚያቆየው ሌላው ነገር ክብደት ማንሣትና ደረጃ መውጣትን የመሰለ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ሊራግሉታይድ የተባለውን የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት ከስፖርት ጋር ያጣመሩት ሰዎች የስብ መጠን መድኃኒቱን ወይም ስፖርቱን ብቻ ከያዙት በእጥፍ ገደማ ይበልጥ እንደቀነሰ አግኝቷል።

መርፌው ሲቆምስ?

ረሃቡ ይመለሳል። ሴማግሉታይድን ያቆሙ ሰዎች በዓመት ውስጥ ከቀነሱት ኪሎ ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል። በዴንማርኩ ጥናት ግን ከመድኃኒቱ ጋር ስፖርት የሠሩት፣ ሁሉም ነገር ካበቃ ከዓመት በኋላ፣ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት የተሻለ ክብደታቸውን ጠብቀው ተገኝተዋል።

ለማን ይታዘዛል?

ኪሎን በሜትር በተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ሲያካፍሉት 30ና ከዚያ በላይ ለሚደርስ ሰው፣ ወይም ከ27 ጀምሮ ሆኖ ደም ግፊትን የመሰለ ተጓዳኝ ሕመም ላለበት። ቁመቱ 1.65 ሜትር የሆነ ሰው 30 ላይ የሚደርሰው 82 ኪሎ ገደማ ሲመዝን ነው። እርጉዝ ለሆነች ወይም ልታረግዝ ላሰበች ሴት አይሆንም። ኢንሱሊን የሚወስድና የሚጾም ሰው፣ ስኳሩ ከመጠን በላይ እንዳይወርድ፣ ጾሙን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ስለ ዋጋው ብቻ ጠይቀው አይመለሱ። መርፌው የምግብ ፍላጎትዎን ዝቅ በሚያደርግባቸው ወራት ምን እንደሚበሉና ምን ዓይነት እንቅስቃሴ እንደሚለምዱም ተነጋግረው ይውጡ፤ ለአዲስ ልማድ ከዚያ የቀለለ ጊዜ አይገኝም።