የራዲዮ ድምፅን በኢንተርኔት ስለ መፈለግ፤ አንጋጫና የከምባታ አገር እንደ ምሳሌ

አንጋጫ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፥ በከምባታ ዞን፥ በሆሳዕናና በዱራሜ መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ እንሰት ተክሎ የሚኖር ደገኛ ሲሆን፥ ቋንቋው ከምባትኛ ነው፤ ሐድይኛና አማርኛም በገበያዋ ይሰማሉ። በዚህች ከተማ ስልኩን የከፈተ ተማሪ የናይሮቢን ወይም የቶኪዮን ጣቢያ ባንድ አፍታ ያዳምጣል፤ ነገር ግን የአያቱ ቋንቋ ከዐሥር ዓመት በፊት በራዲዮ የተነገረበትን አንድ ዝግጅት አግኝ ቢባል አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህ ልዩነት ከምን እንደሚመጣ መመርመር የሕዝብን ልማድና ቋንቋ ለሚያጠና ሰው የሚጠቅም ነው፤ ምክንያቱም ጽሑፍ ባልበዛበት አገር ራዲዮ ሳያስበው የታሪክ መዝገብ ሆኖ ቈይቷልና።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በኢንተርኔት የሚፈስ የቀጥታ ሥርጭት አንድ ነገር ነው፤ ማኅደረ ድምፅ ግን ሌላ ነው። ሥርጭቱ እንደ ወንዝ ነው፤ በዚያች ሰዓት ያልቀዳ ሰው ያለፈውን አያገኘውም። ማኅደሩ የሚኖረው ግን አንድ ሰው ድምፁን ቀርጾ፥ ስም ሰጥቶ፥ ቀኑን ጽፎ ሲያስቀምጠው ብቻ ነው። ብዙ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ስላገኙ ሁለተኛውንም ያገኙ ይመስላቸዋል።

በአጭር ሞገድ ዘመንም ችግሩ ያው ነበር። በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት ኃይል ባላቸው ሁለት ማሠራጫዎች ወደ አፍሪካ፥ ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ እስያ ያስተላልፍ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰውና ያ ድምፅ ቆመ። በመጋቢት 1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ክፍል ግን ቀጥሎ፥ ዛሬ ዝግጅቶቹን በድረ ገጹ ላይ እያኖረ መልሶ ለመስማት ያስችላል። እንግዲህ አንድ የኢትዮጵያ ቋንቋ በቦን ከተማ ማኅደር ሲያገኝ፥ በአገሩ ውስጥ የሚነገሩት ቋንቋዎች አብዛኞቹ ይህን ዕድል አላገኙም ማለት ነው። ይህ የማንንም ክፋት አያሳይም፤ ገንዘብና የመዝጋቢ ሠራተኛ የት እንዳሉ ግን በደንብ ያሳያል።

የቀጥታ ሥርጭትን ለማግኘት ዛሬ የታወቀው መንገድ ራዲዮ ጋርደን የሚባለው ነው። ይህ አገልግሎት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኔዘርላንድስ የሚቀርብ ሲሆን፥ የምድርን ሉል አዙሮ አንድ አረንጓዴ ነጥብ የነካ ሰው የዚያን ከተማ ጣቢያ ይሰማል። መልኩ የሚያስደስት ቢሆንም ተመራማሪው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ነጥቡ የሚያመለክተው ከተማን እንጂ ቋንቋን አይደለም። አንድ ጣቢያ በዚህ ሉል ላይ እንዲታይ ድምፁን በኢንተርኔት የሚያፈስ መሣሪያና ያልተለወጠ አድራሻ ሊኖረው ይገባል፤ ከዚያም አንድ ሰው አድራሻውን ለአገልግሎቱ መላክ አለበት። ስለዚህ ባዶ ሆኖ የሚታይ የካርታ ክፍል ራዲዮ የሌለበት አገር ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው።

ወጪውም ቀላል አይደለም። በሠከንድ 64 ኪሎቢት የሚፈስ ድምፅ በሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ይበላል፤ በ128 ቢሆን እጥፍ ነው። በየቀኑ ሦስት ሰዓት ለሚያዳምጥ የገጠር ተማሪ ይህ በወር ሲደመር የሚሰማ ዕዳ ነው፤ ተራው የኤፍ ኤም መቀበያ ግን ከባትሪ በቀር ምንም አይጠይቅም። ኤፍ ኤም ደግሞ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ፥ እንደ አምባሪቾ ያለ ተራራ በመካከል ሲቆም ከወዲያ ማዶ ያለው ቀበሌ አይሰማውም። አጭር ሞገድ ከሰማይ ነጥሮ ይመለስ ስለነበር ሩቁን ጣቢያ ከቅርቡ ይልቅ አጥርቶ መስማት በእነዚህ ደጋዎች የተለመደ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 የማኅበረሰብ ራዲዮን በሕግ ካወቀ በኋላ፥ በከምባታም ሆነ በሌሎች አካባቢዎች እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ተቋቁመዋል። የቀድሞው የደቡብ ክልል ራዲዮም በብዙ የአካባቢው ቋንቋዎች ያሠራጭ ነበር። ክልሉ በ2015 ዓ.ም. ተከፋፍሎ ሲያበቃ ግን ሕንፃና መኪና እንደሚከፋፈሉ የድምፅ መዝገብም ተከፋፋይ ንብረት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ተነሥቶ በሰፊው ሲመረመር አልታየም። መሣሪያ በቁጥር ይረከባል፤ ድምፅ ግን ዝርዝር ከሌለው ማንም አይረከበውም።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር፥ ወደ ስም እንመጣለን። የኢንተርኔት መፈለጊያ ድምፅን አይሰማም፤ ከድምፁ ጋር የተጻፈውን ስም ያነባል። ከምባታ የሚለው ስም ደግሞ ከንባታ፥ ካምባታ ተብሎም ይጻፋል፤ በላቲን ፊደልም አናባቢው አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ይደገማል። ቋንቋው ከምባትኛ፥ ከምባቲሳ፥ ከምባቲሳታ ይባላል። ሆሳዕና በሦስትና በአራት ዓይነት ፊደል ከመጻፏም በላይ በቀድሞ ስሟ ዋቸሞ የምትፈለግበት ጊዜ አለ። የመስከረሙን በዓል የሚፈልግ ተማሪ «መስቀል» ብሎ ከጻፈ የከምባታን መሳላና የሐድያን ያሆዴ አያገኝም፤ በእነዚህ ስሞች ቢፈልግ ግን የበዓሉ ዘፈንና የሽማግሌዎች ምርቃት ያለበት ዝግጅት በዩቲዩብ ወይም በቴሌግራም ተቀምጦ ሊያገኝ ይችላል። የቋንቋዎችን ዓለም አቀፍ መለያ ማወቅም ይረዳል፤ የከምባትኛ መለያ «ኬ ቲ ቢ»፥ የሐድይኛ ደግሞ «ኤች ዲ ዋይ» የሚሉት ሦስት ሦስት የላቲን ፊደሎች ሲሆኑ፥ በደንብ የተደራጁ ማኅደሮች በእነዚህ ይመዘግባሉ።

ነገሩ ለምን ከባድ እንደሆነ አንድ ምሳሌ ብቻ ይበቃል። በከምባታ ባል ያገባች ሴት ለአማቶቿ ክብር ስትል ስማቸውን አትጠራም፤ ስማቸውን ብቻ ሳይሆን በስማቸው መነሻ ቀለም የሚጀምረውን ሌላ ቃል ሁሉ ትተወዋለች። በዚያ ቃል ፈንታ ሌላ ቃል ታገባለች፥ ወይም ነገሩን በዙሪያው ትገልጸዋለች። ይህ ልማድ ባሊሻ ይባላል፤ በሐድያና በሲዳማም ይታወቃል። የሲዳማውን አንበሳ ተፈራ በ1987 እ.ኤ.አ.፥ የከምባታውን ኢቮን ትራይስ በ2005 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አቅርበውታል። ልማዱ በትምህርትና በሃይማኖት መለወጥ ምክንያት እየሳሳ መጥቷል። እንግዲህ አንዲት አሮጊት ስለ እንሰት ሥራ ወይም ስለ ሠርግ በማኅበረሰብ ራዲዮ ብትናገር፥ ንግግሯ ውስጥ ባሊሻ ይኖራል ብሎ መጠበቅ ይቻላል። ዘጋቢው ግን ቃሏን አጠቃልሎ ወደ ዜና ሲለውጠው በተለመደው ቃል ይተካዋል፤ በድረ ገጹ ላይም የሚቀረው የእርሱ ማጠቃለያ ነው። የቋንቋ ተመራማሪ የሚፈልገው የሴትዮዋ ድምፅ ከሥርጭቱ ጋር ይጠፋል፤ ወይም በጣቢያው ኮምፒዩተር ውስጥ ቀን ብቻ ተጽፎበት ማንም ሳያውቀው ይቀመጣል።

ይህን ማዳን እንደሚቻል የጊኒ አገር ምሳሌ ያሳያል። በኮናክሪ የመንግሥቱ ራዲዮ የነበሩት የድምፅ ክሮች በብሪቲሽ ላይብረሪ የአደጋ ላይ ያሉ መዛግብት ፕሮግራም እርዳታ ተመዝግበው ከ9,000 በላይ ዘፈኖች ለሕዝብ ተከፍተዋል። ነገር ግን ቤተ መጻሕፍቱ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. በኮምፒዩተር ጥቃት ሲመታ፥ የኢንተርኔት አገልግሎቱ ተቋርጦ ብዙ ስብስቦች ለረጅም ጊዜ ሳይከፈቱ ቆዩ። ቅጂ በአንድ ስፍራ ብቻ መቀመጥ እንደሌለበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። የተዘጋ ጣቢያን ገጽ ለሚፈልግ ሰው ኢንተርኔት አርካይቭ የድሮ ገጾችን ይዞ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ግን የገጹ ጽሑፍ ሲተርፍ ድምፁ አይተርፍም፤ ስለዚህ የዝግጅቱን ርእስና ቀን ከዚያ ወስዶ ቅጂውን ከግለሰቦች መጠየቅ ይሻላል።

በአንጋጫ ያለ ተማሪ የሰማውን ዝግጅት ለማስቀመጥ ቢፈልግ የጣቢያውን ስም፥ ቀኑንና ሰዓቱን፥ የተናጋሪውን ቋንቋና የትውልድ ቀበሌ፥ ስሞቹንም በአማርኛና በላቲን ፊደል ይጽፋል። ሴት ተናጋሪ ከሆነች ባለትዳር መሆን አለመሆኗን መጻፍ ባሊሻን ለሚያጠና ሰው አስፈላጊ ነው። የአማቶቿን ስም መመዝገብ ግን ሌላ ነገር ነው። ያለ እርሱ የትኛውን ቃል ለምን እንደተወችው ማወቅ አይቻልም፤ እርሷ ራሷ ግን ስሙን ልትጠራው አትችልም። ይህን የሚነግረው ባልዋ ወይም ልጅዋ ሲሆን፥ በሁሉም ዘንድ በሚነበብ ገጽ ላይ እንዲወጣ መፍቀዱን ከቤተ ሰቡ ጠይቆ መጻፍ የመዝጋቢው ሥራ ነው።